ነጠላ የለበሰው ኮምፒውተር

ወረታ ላይ ሠርግ እየቀረፅሁ ስኖር አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ቪዲዮው ከሠርጉ የበለጠ ትዕግሥት ይፈጃል። ካሜራው የኪራይ ነው፤ ቀርጬ እመልሰውና ሚሞሪው እጄ ላይ ይቀራል። አሮጌው ኮምፒውተሬ ደግሞ የተቀረፀውን እንዳለ አያጫውትም። መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ ቀለል ወዳለ ዓይነት ኮንቨርት ማድረግ አለብኝ። ያ ሁሉ እስኪሆን ሥራዬ ቁጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ የምትሳብ መስመር ማየት ነው።

አንድ ቅዳሜ ሠርጓን የቀረፅሁላት ሙሽራ እናት ከገበያ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጡ። ልጃቸው አንበሳሜ ተድራለች። ጭፈራውን አልፈለጉትም።

"ስትወጣ ያለውን ብቻ አሳየኝ" አሉኝ። "እኔ ጓዳ ወጥ ሳወጣ እሷ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስትደውልም አላነሣሁላት። ዘወር እንኳ ብላ እንደሁ ልየውና ልቤ ይረፍ።"

"እየገባ ነው እናቴ፤ ትንሽ ይታገሡ።"

"ኧረ ተወኝ! ይኸኔ እኮ አንድ ማሳ ሩዝ አርሜ በተመለስሁ!"

"ታዲያ ምነው አርመው ቢመጡ?"

"ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ!"

ገበያተኛው በሩ ላይ እየቆመ ወደ ውስጥ ያያል። እሳቸው ይህን አልወደዱትም። ሻይ ላዝዝ ወጣ ብዬ ስመለስ ኮምፒውተሩ በነጠላቸው ጥቅልል ብሎ ተቀምጧል።

"ዓይን በዛበት፤ እንደ እርጎ ሸፈንሁት" አሉ ኮራ ብለው።

አየር ማስወጫው ታፍኖ፣ ምስኪኑ ግሎ ግሎ ድርግም አለ። መስመሯ እኮ ልትሞላ ትንሽ ነበር የቀራት! ተናደድሁ፤ ሳቄም መጣ።

"አየህ? ቡዳው ቀደመኝ።"

"ቡዳስ አልነካው፤ የበላው ነጠላዎ ነው!"

እንደ አዲስ ጀመርነው። አሁን ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡለት ጀመር። እንደምንም ሞላና ከፈትሁት።

ሙሽራዋ በሚዜዎች ታጅባ ከዳሱ ስትወጣ ቆም አለች። ዘወር አለች። እጇን ይጎትቷታል፤ እሷ በሰዉ ትከሻ ላይ አሻግራ የጓዳውን በር ታያለች። አፏ "እማዬ" ሲል ይታያል፤ ድምፁን ግን ጭፈራው ውጦታል። እኔም ስቀርፅ አላስተዋልሁትም ነበር።

እናትዬዋ ማራገባቸውን ተዉ።

"ጠርታኛለች" አሉ። "ልጄ ጠርታኝ ነው ያልሰማኋት።"

ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። "በል ደውልልኝ።"

ደወልሁና ጆሯቸው ላይ ያዝሁላቸው። ሲነሣ ሰላምታም አላስቀደሙ።

"ወዬ፣ ልጄ" አሉ።