ለጉጉት የሠራሁት ቤት

ቦንጋ ውስጥ ከእኔ በፊት በርና መቃን አፍ ለአፍ የሚያገጥም አናጺ አልነበረም። ለጉራ አይደለም የምለው፤ በሮቹ ዛሬም ስላሉ ሄዶ መዝጋት ይቻላል። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደልን ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ ልኬትን በዓይኔ ተማርኩ። በደርግ ዘመን የገበሬዎች ማኅበር መጋዘኑን አሠርቶኝ ሲያበቃ ጠባቂነቱንም የሰጠኝ፣ ከእኔ የተሻለ ታማኝ ስላጣ ነው።

ፍርሃት የገባብኝ ያኔ ነው። በቆሎውን አይጥ ፈጀው። በዚያው ሰሞን በሺሺንዳ መንገድ ያለ አንድ መጋዘን ጠባቂ እህል ጎደለበትና አሻጥረኛ ተብሎ ተወሰደ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ብትመላለስም ያለበትን የሚነግራት አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ የተበሳ ጆንያ ባየሁ ቁጥር የቀረውን እህል በጣሳ እየሰፈርኩ እቆጥር ጀመር።

ወጥመድ አልበቃ አለ። አንድ ፈርሶ የቀረ ቤት ጣሪያ ሥር ፊቷ ነጭ የሆነ ጉጉት ስትፈለፍል አይቼ ነበር፤ ከበታቿ ወለሉ የአይጥ አጥንት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋንዛ ሳንቃ ክንድ ተኩል የሚረዝም ሳጥን ሠራሁላት። በሩን ክብ፣ ከስንዝር ጠበብ፣ ከወለሉም ከፍ አደረግሁት፤ ጫጩት እንዳይወድቅ። ጣሪያውን ለዝናባችን ብዬ ወደፊት አስረዘምኩት። መጀመሪያ ከበሩ ሥር የእግር ማሳረፊያ ሰክቼ ነበር፤ ቁራ እየተቀመጠ አስቸገረ፣ ነቀልኩት። ሳጥኑን በመጋዘኑ አጠገብ ረጅም ምሰሶ ላይ ቸነከርኩት። በወሩ ጉጉቷ ገባች።

ባለቤቴ ሞት ጠራህብን ብላ አኮረፈች። እኔን ያስፈራኝ ግን ለማኅበራችን የተመደበው ካድሬ ነበር፤ ማረፊያው ከአጥሩ ማዶ ነው። በስብሰባ ላይ በጉጉት ማሟረት ኋላቀርነት መሆኑን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። ጉጉቷ መጮህ በጀመረች ሳምንት ወባ ጣለው። ሲሻለው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋቢ ተከናንቦ፣ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ።

"ጋሼ፣ ያቺን ነገር አውርዳት።"

ባወርዳት አይጡ ያሳስረኛል፤ ባላወርዳት እሱ።

"እሺ ጓድ። ግን ስብሰባ ላይ ለምን አወረድክ ሲሉኝ ምን ልበል?"

ዓይኑ ቀላ። "ልታስፈራራኝ ነው?"

"የምፈራስ እኔ ነኝ" አልኩት። እውነቴን ነበር። ጉጉት የበላችውን አይጥ አጥንትና ጠጉር አድበልብላ የምትተፋውን በቆርቆሮ አጠራቅሜ ነበርና አንዱን እፊቱ ፈረከስኩት። ሦስት የአይጥ ራስ ወጣ።

"ይህን ሁሉ ብቻዋን?"

"ከባሏ ጋር።"

ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በሩን ወደ ጫካው አዙረው። ወደ መኝታዬ እያየች አትጩህ" አለኝ።

እሱ ከታች ቆሞ እያየ መሰላል ወጣሁ። ሚስማሮቹን ነቅዬ ሳጥኑን ሳዞር ውስጥ ያሉት ጫጩቶች እንደ እባብ ይነፉ ነበር። እናትየው ቤቷ ዞሮባት ጥላቸው ብትሄድ መጨረሻዬ ያው ነው። ሲመሽ አጥሩን ተደግፌ ጠበቅሁ። ሁለቴ ዞረችና አልገባችም። በሦስተኛው አይጥ በእግሯ አንጠልጥላ ገባች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ያከናወንኩት ይህ ነው፦
ማንም ሳያስተምረኝ ለጉጉት ቤት ሠራሁ።
አራት ጫጩት በረረልኝ።
በቆሎው ለገበሬው ደረሰ።
ካድሬውን ሳላስቀይም፣ ጉጉቷንም ሳላባርር ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳደርኩ።
ባለቤቴ ስንቅ ይዛ በር ለበር አልዞረችም።