የጾመው ኮርቻ

ዛሬ ጠዋት፣ ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ፣ እጄን እስከ አንጓዬ ቅቤ ነክሬ ደጅ ተቀመጥኩ። ለመብላት እንዳልሆነ እግዜር ያውቃል። ወንድሜ ልጄን ከቆላ ሊያመጣት በቅሎ እየጫነ ነውና የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ላለሰልስለት ብዬ ነው። ልጄ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ እዚህ አንኮበር፣ እናቷ ቤት ልትወልድ ነው። ሽታው አጥር ተሻግሮ የደረሳት ጎረቤቴ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ምነው እቴ፣ ፋሲካ ላንቺ ብቻ ቀድሞ ገባ እንዴ?» አለችኝ። የቆዳና የቅቤ ሽታ አንድ ላይ ሲነሣ እኔ እዚህ አልኖርም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አሊዩ አምባ መግቢያ ላይ የበቅሎ ጭራ ይዤ እቆማለሁ።

ያኔ ንጉሡ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ ከወጡ ጥቂት ዓመት ቢሆን ነው። ክፉው ቀን ገና አልመጣም፤ መስኩ ሁሉ ከብት ነበር፣ ማታ ወደ በረት ሲመለሱ የሚያስነሡት አቧራ ፀሐይዋን ቀይ እስኪያደርጋት። አባቴ ከአሊዩ አምባ በታች ቆላውን ያርስ ነበር። እናቴ ከእኔ በኋላ የወለደቻቸውን ሁለቱን ልጆች እዚያው ንዳድ ወስዶባታል፤ ስለዚህ ለሚመጣው፣ «ደጋ ወጥቼ እናቴ ቤት ካልሆነ አልወልድም፤ ይሄኛውን ለቆላ አልሰጥም» ብላ ማለች። ሴትዮዋ በጾም ቀልድ አታውቅም። ቅበላ ሲያልቅ የቅቤውን ቅል ክዳኑን በጭቃ መርጋ ጣሪያ ላይ ታንጠለጥለውና እስከ ትንሣኤ ቀና ብላ እንኳ አታየውም። አባቴ በመንገዱ ዋዜማ ለጠፍሩ አውራ ጣት የምታህል ቅቤ ቢለምናት፣ «ኮርቻውም ይጹም!» አለችው። ኮርቻው ጾመ። ከቅበላ ወዲህ በዚያ በቆላ ፀሐይ አንድ ወር ሙሉ እንደ ጾመ መንገድ ገባ።

የመንገዱ ነገር አሁን እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ፤ የግራሩ ጥላ፣ የእናቴ ነጭ ነጠላ ከፊቴ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የበቅሎዋ ላብ ሽታ፣ ከላይ ደግሞ ጉም ለብሶ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለው የአንኮበር ተራራ፣ ወደሱ በሄድን ቁጥር የሚርቀን። እናቴ ወገቧን ይዛ ከንፈሯን መንከስ እንደ ጀመረች አየሁ፤ ልጅ ብሆንም አስፈራኝ። ልክ አሊዩ አምባ ስንገባ ጠፍሩ እንደ ደረቀ እንጨት ቋ ብሎ ተበጠሰ፣ ኮርቻው ዞረ፣ አባቴም እናቴን በሁለት ክንዱ ቀለባት።

የቆምነው የጨው ነጋዴ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ጌታው ከግመሎቹ ጋር ወደ ጨው ባሕሩ ወርዶ ቤቱን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከድር የሚሉት ጭነት አሳሪ፣ ክንዱ እንደ ወይራ ግንድ የሆነ፣ እና ቁልፉን የምትይዘው ዘይነባ፣ ስትስቅ ሆዷ የሚንቀጠቀጥ ወፍራም ሴት። ማንም ሳይጠራቸው ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ዘይነባ እናቴን አቅፋ አሞሌ ጨው እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ጓዳ አስገባቻት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ግድግዳውን በምላሴ ስቀምሰው ጨው ጨው ይለኝ ነበር።

ከድር የተበጠሰውን ጠፍር አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ቆዳ ቅባት ካየ ስንት ጊዜው ነው?» አለ። አባቴ ወደ ጓዳው አየ። እናቴ ከውስጥ፣ ምጧን ዋጥ አድርጋ፣ «ጾም ነዋ!» አለች። ዘይነባ መሬት ተቀምጣ ሳቀች። «ወላሂ፣ የኛ ኮርቻ እንኳ ረመዳን አይጾምም!» እናቴም በጭንቋ መሃል ሳቀች፤ ያን ቀን የፊቷ ቀለም ሲመለስ ያየሁት ያኔ ነው።

እርጥብ ጠፍር በቤቱ ሞልቷል፤ ግን እርጥቡ ታስሮ እስኪደርቅ ቀኑ ይመሻል፣ ሳይደርቅ ከተጫነበት ደግሞ ዳገቱ መሃል ይረግባል። ከድር ትንሽ አሰበና ሄዶ ከራሱ በቅሎ ኮርቻ ላይ ጠፍሩን ፈታው። አባቴ ተቀብሎ፣ አመንትቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቆዳው… የማን እርድ ነው?» አለ። ከድር ቀና ብሎ አየው። «አያ፣ ልትጭንበት ነው ወይስ ልትበላው?» አባቴ አፈረ፣ እኔ ሳቅኩ፣ በጥፊ ልመታ ስል ዘይነባ ከለለችኝ። እሷው ጠፍሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስኪያብለጨልጭ ቅቤ አሸችው። የቀረውን በእፍኝ በምትያዝ ትንሽ ቅል አድርጋ ኮርቻው ላይ አሰረችና፣ «ለሚመጣው እንግዳ ነው፤ እሱ ጾመኛ አይደለም» አለች።

ከድር እንዲያም ሆኖ ጠፍሩን አላመነውም። ያን ሁሉ ዳገት በእናቴ ጎን፣ ቀኝ እጁን ከጠፍሩ ሥር አግብቶ፣ ሲረግብ እያጠበቀ ወጣ። ፀሐይ እንደ ገባች መንገድ ዳር ኩታውን አንጥፎ ሊሰግድ ወደ ኋላ ቀረ። አባቴ በቅሎዋን ሊነዳ ሲል እናቴ ልጓሙን ያዘች፤ «ሳይመጣ አንሄድም» አለች። በምጥ ላይ ሆና ጠበቀችው። ጉሙ በመካከላችን እያለፈ፣ ግንባሩ መሬት ሲነካ አየነው።

ወንድሜ በማግሥቱ ጠዋት አንኮበር ተወለደ። አራስ ልጅ መጀመሪያ ቅቤ ይውጣል፤ አያቴም ግን እንደ ልጇ የቅቤዋን ቅል በጭቃ መርጋ ሰቅላ ኖሯል፣ እስኪወርድ ማን ይጠብቃል! የዘይነባን ቅቤ አስዋጡት። ላሰ፣ አለቀሰ፣ ዳግመኛ ላሰ።

ከዚያ በኋላ ክፉው ቀን መጣ። ከብቱ በሳምንት አለቀ፣ አቧራውም ከመስኩ ጠፋ፣ አባቴም ቆላ እንደ ወረደ ቀረ። በዚያ ዘመን አንድ ቀን እናቴ ከድር የተወልንን ያን ጠፍር ከኮርቻው ፈታች። ሁለት ቀን ነከረችው፣ ሌላ ቀን ሙሉ ቀቀለችው፣ ለእኔና ለወንድሜ ቆራርሳ ሰጠችን። የማን እርድ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሷ አልቀመሰችም፤ ማኘክ ስንጀምር ብቻ፣ «ከድር፣ ይኸው በላነው» አለች፣ ለብቻዋ።

እህል ሲመለስ ወርጄ ነበር። የጨው ቤቱ ጣሪያው ወድቋል፤ ከድርንና ዘይነባን ያየ ሰው አላገኘሁም። ግድግዳውን ግን ቀመስኩት፤ አሁንም ጨው ጨው ይላል።

ወንድሜ በቅሎዋን አወጣ። ያቺን የዘይነባን ትንሽ ቅል ቅቤ ሞልቼ ኮርቻው ላይ አሰርኩለት። መንገዱ ያው ነው፣ ዳገቱም ያው ነው፤ ጠፍር ቢበጠስ ሥራውን ጥሎ የሚወጣ ሰው ግን በየትኛው ደጃፍ እንዳለ አላውቅም። «ስትመለሱ እጅህን ከጠፍሩ ሥር እንዳታነሣ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ጠፍሩ ጠንካራ ነው አለኝ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ቀኝ እጁን ከበቅሎዋ ሆድ ሥር አግብቶ ጠፍሩን ሳብ አድርጎ አየው፣ እጁንም ሳያወጣ ቁልቁለቱን ጀመረ። እኔ ጉሙ እስኪሸፍናቸው ቆሜ አየሁ፣ እጄን ገና አልታጠብኩም።