አጭሩ የአበባ መደብ

ዲላ እኛ ሰፈር ያለው መናፈሻ ድሮ መቃብር ነበር። ይሄን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ የሚያወራው ግን የለም። በደርግ ጊዜ ነው፤ ቀበሌው «ለወጣቱ መዝናኛ ያስፈልጋል» ብሎ ሕዝቡን በዘመቻ አስወጣና ድንጋዩ ተለቀመ፣ መሬቱ ተደለደለ። አጽም ማንሳት የፈለገ ያንሳ ተብሎ ነበር። መቼ? ቡና ለቀማ ላይ። ማን ይደርሳል? እናቴ ኢዲዶ ገጠር፣ ዘመዶቿ ጋ ቡና እየለቀመች ነበር። ስትመለስ መረብ ኳስ ይጫወቱበታል።

እዚያ ውስጥ ታላቅ እህቴ አለች። በሕፃንነቷ ኩፍኝ የወሰዳት። እኔ ሳልወለድ ነው፣ አላውቃትም።

መሬቱ ግን እምቢ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰምጣል። ሲሰምጥ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፤ ረዘም ረዘም ብሎ፣ በሰው ልክ። አንዳንዱ አጠር ይላል። አፈር ይሞሉታል፣ በዓመቱ ያው ነው። አትክልተኛው ሲሰለቸው ጉድጓዶቹ ላይ አበባ ተከለና ዙሪያቸውን ኖራ የተቀባ ድንጋይ ደረደረ። ከዚያ በኋላ ከገደብ ከተማ የመጣው እንግዳ፣ ከሌላ አገር የመጣው ሾፌር፣ ሁሉም «መደቡ ሲያምር፣ ሁሉም እኮ ወደ ምሥራቅ ነው የዞረው» ይላል። እኛም «አዎ ያምራል» እንላለን። ምን እንበል?

ታናሽ እህቴ ስታገባ አማቷ ማን ሆነ? ያንን መሬት ያስደለደለው የቀበሌ ሊቀመንበር። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ እሱን ምንም አልልም። እናቴም እሺ ብላ መርቃ ሰጠች። ፎቶው መናፈሻው ውስጥ ነው ሲባል ግን ዝም አለች። ዝምታዋን ስለማውቀው በሠርጉ ቀን የመናፈሻው በር ላይ ያዝኳት።

«እማ፣ ለዛሬ ብቻ።»

«ምን አልኩ?»

«ምንም እንዳትይ ነው የምልሽ። የልጅሽ ቀን ነው።»

«የልጄ ነው» አለች። ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማዋን አወለቀች፣ በእጇ ይዛ ገባች።

የሙሽራው ዘመዶች ተያዩ። አክስቱ ወደኔ ጠጋ ብላ «ምነው፣ ጫማው ጠቧት ነው?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ፣ ጠቧት ነው» አልኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ብተወውም ምላሴ ለውሸት አይሰንፍም።

ፎቶ አንሺው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና አጭሩን መደብ መረጠ። «ሙሽሪት፣ አበባው መሀል ግቢልኝ። ቬሎውን ሰብሰብ አድርጊው።»

እናቴ ሄዳ ሙሽሪት ፊት ቆመች። የቡሌ ገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርገዋለች። «አይረገጥም» አለቻት። «እህትሽ ነው። እዚህ ተኝቷል።»

«እማማ፣ አበባ እኮ ነው» አለ ፎቶ አንሺው እየሳቀ። «ዘበኛውን እኔ አናግረዋለሁ።» ከኋላ አንዱ «ደስታው በዝቶባቸው ነው» ሲል ሚዜዎቹ ሳቁ። የእናቴን ክንድ ያዝኩ።

«እማ፣ ሰው እየሰማ ነው።»

«ይስማ።»

ይሄኔ ሊቀመንበሩ በካኪ ሱፉ መጣ። እኔ ለዚህ ሰውዬ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ አለኝ። ይሳቅ ብቻ፣ በሠርጉ መሀል አራግፍበታለሁ ብዬ ጠበቅኩት። አልሳቀም። መደቡን አየ፣ የእናቴን ባዶ እግር አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፎቶ አንሺውን «መንገዱ ላይ አንሳን» አለው።

«ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ጠባብ ነው፣ ሰው አይይዝም።»

«መንገዱ ላይ አልኩህ። ከመንገዱ ሥር ምንም የለም።»

ማንም አልሳቀም። ለካ እሱም ያውቃል። መቃብር የቱ ጋ እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሌለ፣ እያንዳንዷን ያውቃል። መንገዱን ሲያስቀይስ እየመረጠ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ስድብ አፌ ላይ ቀረ። ምን አደረግኩ? «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያልኩ ሰው አሰለፍኩ። ለገዳዩ አሽከር እንደሆንኩ ነው የተሰማኝ፤ ሰውዬው ማንንም ባይገድልም።

ፎቶው ዛሬ የእህቴ አማቶች ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ሁላችንም ጠባቧ መንገድ ላይ ተጣብቀን አውቶቡስ የምንጠብቅ እንመስላለን። እናቴ ብቻ ለብቻዋ ዳር ላይ፣ አጭሩ መደብ አጠገብ በባዶ እግሯ ቆማለች፣ ጫማዋ በእጇ።

ባለፈው ልንጠይቃቸው ሄደን አንድ እንግዳ ፎቶውን አየና «እኚህ እናት ምነው ባዶ እግራቸውን?» አለ። ሊቀመንበሩ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

እናቴ ናት የመለሰችው። «ጫማው ጠቦኝ ነው» አለች።