የቀን ሺፍቱ ማስታወቂያ

ማክሰኞ ጠዋት ከዩኒየኑ ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። «የአድልዎ ክስ፣ የዲስክሪሚኔሽን ኮምፕሌይንት ፋይል ተደርጓል፤ ዛሬውኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ እንድትመጣ» አለኝ ሰውዬው።

እውነቱን ልንገራችሁ... ደስ አለኝ። አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል የሠራተኞች ተወካይ ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። ተወካይ የሆንኩትም ድሮ አንድ ሱፐርቫይዘር «ብሬክ ሩም ውስጥ በቋንቋችሁ አታውሩ» ብሎን ተናድጄ ነው። የሆቴሉ ማናጀር ዛሬ አለቀለት ብዬ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ከስፕሪንግፊልድ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና እየበረርኩ ሄድኩ።

ስገባ ማናጀሩ የለም። የተቀመጠችው ማሪ ናት። ማሪ የሄይቲ ሴት ናት፣ ላውንደሪ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። አጠገቧ ደግሞ ሆቴሉ ፍሮንት ዴስክ ላይ እንግዳ የምትቀበለው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የኛዋ ልጅ ሜላት። ሰላም ስላት ቀና ብላም አላየችኝ።

ሰውዬው አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። የተከሰስኩት እኔ ነኝ።

ደንባችን ቀላል ነው። የቀን ሺፍት ሲከፈት ማስታወቂያው ቦርድ ላይ ይለጠፋል፣ ቀድሞ የፈረመ ይወስደዋል። የምለጥፈው እኔ ነኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የሐበሻ ልጆች የስልክ ግሩፕ ላይ እጽፍ ነበር... «የቀን ሺፍት አለ፣ ነገ ጠዋት እለጥፈዋለሁ፣ ቀድማችሁ መጥታችሁ ፈርሙ።» ክፋት አልመሰለኝም። ለወገን ማሰብ ነበር የመሰለኝ። ስንቱ መርቆኛል መሰላችሁ!

ያ ጽሑፌ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል።

«አንቺ ነሽ የተረጎምሽው?» አልኳት ሜላትን።

«ዬስ። ማሪ ቦርዱ ጋ ስትደርስ ሁሌ ኦልሬዲ ተፈርሞ ነው የምታገኘው። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት ጋሼ?»

ወረቀቱን ማንበብ ቀጠልኩ። ማሪ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀን ሺፍት ስትጠብቅ ነበር። የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናቷ ማታ ማታ ብቻቸውን ነበር የሚያድሩት። እኔንም ጠይቃኝ ታውቃለች... «ቦርዱን ተከታተዪ» ነበር መልሴ።

ለስንቱ ስከራከር የኖርኩት ሰውዬ ወደ ማሪ ዞርኩ።

«ማሪ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የሚቀጥለው የቀን ሺፍት ያንቺ ነው» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አንስታ «እናቴ ባለፈው ወር ከደረጃ ወድቃ ሞታለች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «አሁን ቀንም ማታም ለእኔ አንድ ነው።»

በማግስቱ ተወካይነቱን ለቀቅኩ። ግሩፑ ላይ ግን እስካሁን የምትሰደበው ሜላት ናት... እኔንማ «አይዞህ» ነው የሚሉኝ።