የአለቱ ሽታ

አዲስዓለም ጣራ ገዳም የወጣችው ስለት ልታደርስ አልነበረም። በገዳሙ ደን ውስጥ፣ ምንጭ ከሚንጠባጠብበት አለት ላይ፣ እንደ እርጥብ ወረቀት የተለጠፈ ሥር የለሽ ተክል ፍቃ ልትወስድ ነው። በእንግሊዝኛ ሊቨርዎርት ይሉታል። በጣት ሲያሹት ሎሚና ቃሪያ የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ አለው። ሁለተኛ ዲግሪዋን የጀመረችው ያ ሽታ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ነበር።

ከደኑ እየፋቁ መጨረስ ነውር ነውና፣ ደብረ ታቦር ባለው ቤተ ሙከራ በብልቃጥ ልታሳድገው ሞከረች። መጀመሪያ ሻጋታ በላው። ደግማ ጀመረች። በስንት መከራ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለ፤ ሰፋ፤ የብልቃጡን ወለል ሸፈነው። ግን ሽታውን ይዞ ይሆን? ቆንጥራ አሸችና ጣቷን ለቤተ ሙከራው ረዳት ለሙሉ ዘረጋችላት።

«ምን ይሸታል?»

«ሎሚ... ቆይ፣ ደግሞ አፍንጫ ያቃጥላል!» አለች ሙሉ።

አዲስዓለም እቅፍ አደረገቻት።

የቀረው ሽታውን የያዘውን ዘይት አውጥቶ፣ ንጥረ ነገሮቹን ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። ለዚያ ብዙ ተክል ስለሚያስፈልግ ብልቃጦቹን አበዛች። ሊደርስላት ሲል በአካባቢው ውጊያ ተነሣ። መንገድ ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ አልተገኘም። ውጊያው ጋብ ብሎ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲጀምር ወደ ቤተ ሙከራው እየሮጠች መጣች። በየብልቃጡ ያለው ቡናማ ውኃና ጠጉራም ሻጋታ ነበር። አንዱን ከፍታ አሸተተች፤ የበሰበሰ ጎመን ሸተታት።

«አይዞሽ፣ እንደገና እንጀምረዋለን» አለቻት ሙሉ።

መንገዱ ሲከፈት ሌላ ተክል ልታመጣ ወደ ገዳሙ ወጣች። አለቱ የለም። ፈልጠው አንሥተው ምንጩን በሲሚንቶ አጎልብተውታል። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ቀረብ አሏት።

«አየሽ ልጄ፣ ገደል ወርዶ መቅዳት ቀረልን። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን፣ አባቴ» አለች። እስኪመሽ በደኑ ያለውን እርጥብ ድንጋይ ሁሉ ስትዳብስ ዋለች። በመልክ የሚመስለው ተክል አልጠፋም፤ ሲያሹት ግን ምንም አይሸትም።

አማካሪዋ «ጊዜሽ አልቋል፤ ርእስ ቀይሪ» አሏት። ስለ ስንዴ ዋግ ጻፈች። ፈታኞቹ አመሰገኗት፤ በምረቃዋ ዕለት እናቷ ከጋሳይ ከተማ መጥተው እልልታውን አቀለጡት። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ እንጂ፣ ተመራቂዋ!» ሲላት፣ ጥርሷን ብቻ አሳየችው።