እናቴ ከጎርፉ የገባችበት ክረምት

አባቴን የወሰደው የርብ ወንዝ ነው። በሬዎቹን ሊያሻግር ገባ፤ በሬዎቹ ወጡ፣ እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከውኃ ዳር ቆማ አታውቅም። እኛን ልጆቿን ወንዝ አጠገብ ካየችንማ ምድር ትጠብባት ነበር።

የማወራው በጃንሆይ ጊዜ ስለሆነው ነው። ዛሬ ሩዝ የሞላው የፎገራ ሜዳ ያኔ ጤፍና ሽምብራ ነበር የሚዘራበት። ታላቅ ወንድሜና ሚስቱ በወረርሽኝ ሲያልቁ፣ ገና ጡት ያልጣለች ልጃቸውን እናቴ ወስዳ አሳደገቻት፤ ዳረቻት። ልጅቱም የበኩር ልጇን ልትወልድ በነሐሴ እናቴ ቤት ገባች። ባሏ ውኃውን ሽሽት ከብቱን ይዞ ወደ ወረታ ከፍታ ወጥቶ ነበር። ቤት የቀረነው ሴቶች ብቻ ነን።

ምጡ ያዛት። ሲነጋ ርብ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው፤ ውኃው ደጃፋችንን አልፎ ምድጃውን አጠፋው። መደቡ ላይ አስተኝተናት እናቴ ሆዷን በቅቤ ታሻለች። ድንገት እጇ ቆመ።

«በእግሩ ነው የመጣው» አለችኝ ልጅቱ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። «ደረቅ መሬት ካላገኘን ሁለቱንም እናጣቸዋለን።»

አጠገባችን ያለው ደረቅ መሬት የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ነው። ጎረቤታችን ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ስለነበረው ከደጃፍ ሆኜ በጩኸት ጠራሁት። መጥቶ ውኃውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ይህ ውኃ ለታንኳ አይሆንም። እርስዎ ደግሞ ርብን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። በል ልጅቱን አንሣልኝ» አለችው።

ተሳፈርን። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ይሰማኛል። የልጅቱ ራስ ጭኔ ላይ ነው፤ በየምጡ ክንዴን ትነክሳለች። «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኛል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና የታንኳውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛለች።

መንገዱን እንዳጋመስን ታንኳው ውኃ የዋጠው የእሾህ አጥር ላይ ተሰካ። ጎረቤታችን በዘንጉ ቢገፋ፣ ቢገፋ አልነቃነቅ አለ። ጎርፉ ከጎን እየመታ ሊገለብጠን ሆነ።

«ከኋላ የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ዘንጉን ከለቀቅሁ ደግሞ ይወስደናል» አለ።

ዘልዬ ልወርድ ስል እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«እምዬ፣ አንቺ አትውረጂ!»

«ዝም በይ። ራሷን እንዳትለቂ።»

ውኃው እስከ ብብቷ ዋጣት። ትከሻዋን ታንኳው ላይ አስደግፋ ገፋች። አንዴ እግሯ ከዳትና ራሷ ጠፋ። ስትወጣ እያሳላት አሁንም ትገፋለች። ታንኳው ተላቀቀ። እንዳትከብድብን ተመልሳ አልወጣችም፤ ጭራውን ይዛ፣ አንዳንዴ እየረገጠች፣ አንዳንዴ እየተንሳፈፈች እስከ ጉብታው ተከተለችን።

ምጥ የያዛት ሴት ከቅጥሩ አትገባም። እናቴ ይህን ስለምታውቅ በሩ ላይ ቆመች። ሽማግሌው ቄስ አዩንና ጥያቄ ሳያበዙ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለችውን የራሳቸውን ጎጆ ከፈቱልን።

«ግቡ፣ ልጆቼ። እኔ ከደጅ ሆኜ እጸልያለሁ።»

ሕፃኗ በእግሯ ወጣች፤ ሴት ናት። ሰማያዊ ሆናለች፣ ትንፋሽ የላትም። እናቴ የሕፃኗን አፍ በአፏ መጥጣ ተፋች፤ ጀርባዋን አሸች፤ እንደገና መጠጠች። ጎጆዋ ውስጥ ከቄሱ ጸሎት በቀር ምንም አይሰማም። ከዚያ እንደ ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት እናቴ የልጅ ልጇን። ወዲያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ቄሱ ጋቢያቸውን በበሩ አቀበሉኝና አለበስኳት።

አራሷ ደም ፈሷት ብዙ ጊዜ ታመመች። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ አጥሚት ስታጠጣት፣ ሕፃኗን ስታቅፍ ከረመች። በበጋው ቤታችንን አፍርሰን ወደ ወረታ ከፍታ ተዛወርን።

እናቴ ቅድመ አያት ከሆነች በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ሌሎችም የልጅ ልጅ ልጆች አየች። ያች በጎርፉ ቀን የተወለደችው ልጅ ግን ካጠገቧ አትለይም ነበር፤ እናቷንም ቅድመ አያቷንም የምትጠራበት ስም አንድ ነበር፦ «እምዬ»። ሁለቱም ይመልሱላት ነበር።