የእትዬ ደብሪቱ ሽማግሌዎች

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርድ ሚኒባስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድለዋል። በዚያ ማክሰኞ የጎደሉት እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ሁለት ባዶ የማንጎ ቅርጫት አስቀድመው አስገቡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቅርጫቶቹን ጉልበቴ ላይ አደረጉልኝ።

«ባዶ ነው፣ አይከብድህም» አሉኝ።

መርሳ ተወልደው፣ መርሳ አግብተው፣ ባላቸውን መርሳ ቀብረው፣ ወልድያ ገበያ ፍራፍሬ እያወጡ አንድ ልጅ እንዳሳደጉ ሾፌሩ ሞተር ሳያስነሳ አወቅሁ። ስንነሳ በመንገዱ ዳር ተማሪዎች ይሄዳሉ። አንዱ ትንሽ ልጅ ሁለት ቦርሳ ተሸክሟል፤ ከፊቱ አንድ ረዥም ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ ይራመዳል። እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን አዙረው እስኪጠፉ አዩዋቸው።

«ያ ትንሹ የማንን ቦርሳ ነው የያዘው?»

«የጓደኛው ይሆናል» አልኩ።

«እኔም እንዲህ ብዬ ነበር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ተመቻቸሁ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው መርሳ ሳይደርስ አይጨርስም።

ዘጠና ስድስት ዓመተ ምህረት ነው። ልጃቸው ሳሙኤል ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ቀጭንና ዝምተኛ። ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው። በጋ ላይ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፣ ልጁ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይሻገራል። ሳሙኤል ግን በየቀኑ እስከ ወገቡ ርሶ ይመለስ ጀመር።

«ዋና እየዋኘ ነው ብዬ ገረፍኩት። ተገርፎም ትንፍሽ አላለ።»

በኋላ ጎረቤት ነገራቸው። አማረ የሚባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ የእህል ነጋዴው የአቶ አበባው ልጅ፣ ጫማው እንዳይርስበት ጠዋትና ማታ ሳሙኤል ጀርባ ላይ ይወጣል። መሀል ሲደርሱ እንደ በቅሎ ጎኑን በተረከዙ ይመታዋል። ዳር የቆመው ልጅ ሁሉ ይስቃል። ሳሙኤል ሲወድቅ አማረ ድንጋይ ላይ ዘሎ ይቆማል፤ የሚርሰው ተሸካሚው ነው።

«አማረ ቀላል እንዳይመስልህ» አሉኝ። «የደለበ ልጅ ነው። እህል ላይ ነው ያደገው።»

ትምህርት ቤት ሄደው ከሰሱ። የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ሁለቱንም ጠርቶ እኩል ገረፈ።

«ተሸካሚውንም?»

«ለምን ተሸከምክ ብሎ።»

በማግስቱ ሳሙኤል ደብተሩን ሣጥን ላይ አስቀመጠና ከእንግዲህ ከእናቴ ጋር ማንጎ እሸጣለሁ አለ። እዚህ ላይ እትዬ ደብሪቱ ድምፃቸው ወረደ። አባቱ ሲሞት የተወላቸው ነገር ቢኖር ይህን ልጅ አስተምሪው የሚል አደራ ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጁ ከስድስተኛ ቢቀር ማን ፊት ይቆማሉ?

ስለዚህ የወሎ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሽማግሌ ላኩ። የደብሩን መሪጌታና ሼህ አብዱልሐሊምን ለመኑ። «አብሽሪ ደብሪቱ፣ ልጅ የሁላችን ነው» አሏቸው ሼሁ። ሦስት እንዲሆኑ ደግሞ የገዛ ወንድማቸውን ንጉሴን ጨመሩ። ስህተቱ እሱ ነው። ንጉሴ ሠላሳውን ያለፈ ወንደላጤ ነው፤ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ልቆም ነው ብሎ የሰው ኮት ተውሶ፣ ጸጉሩን ቅባት ቀብቶ ሄደ።

አሁን ነገሩን በአቶ አበባው ዓይን እየው። እሑድ ጠዋት ነው። ሦስት ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ነጭ ለብሰዋል፣ ሦስተኛው ኮት ለብሶ ያልበዋል። ግቡ ሲላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ወልድያ ሙያ የምትማር፣ ዓይን የምትሞላ ፍሬሕይወት የምትባል ልጅ አለችው። ሼህ አብዱልሐሊም ምርቃት ጀመሩ። የሳቸው ምርቃት ደግሞ ዝናቡን፣ አዝመራውን፣ ከብቱን፣ መንገደኛውን ሁሉ አዳርሶ ነው ወደ ጉዳይ የሚመጣ። ገና ከብቱ ላይ ሳሉ አቶ አበባው እጁን አነሣ።

«አትድከሙ፣ ገብቶኛል። ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት። ግን እናንተን የመሰለ ሽማግሌ በሬ ላይ አቁሜ እምቢ አልልም። ዘመድ ላማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ። እስከዚያ ግን የደብሪቱ ቤት ቤቴ ነው። ሳሙኤልም ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው።» ንጉሴንም ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ሙሽራው ራሱ መምጣቱ የዘመኑ ሥልጣኔ ይሆናል፤ ይሁን።»

«ለምን አልነገሩትም?» አልኩ።

«ምን ብለው? ልጅቷ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ሰው ደጅ ተቆሞ ልጅቷን አልፈለግንም ይባላል? መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሼሁ አሚን አሉ፣ ተመለሱ። ንጉሴ ብቻ እየሳቀ ነው የመጣ።»

ሰኞ ጠዋት አማረ እትዬ ደብሪቱ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። አባቱ «አማቾቻችን ናቸው፣ የሳሙኤልን ጸጉር ብትነካ ወዮልህ» ብሎታል። ሳሙኤልን እየጎተተ ወሰደና ወንዙ ላይ ጎንበስ አለለት።

«ውጣ» አለው።

ሳሙኤል በፍርሃት ወጣ። ዳር የቆመው ልጅ መሳቁን ተወ። ሳሙኤል ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ ሱሪ ለብሶ ክፍል ገባ።

እትዬ ደብሪቱ ደስታቸው ሦስት ቀን አልቆየም። ንጉሴ ኮቱን ለባለቤቱ መመለስ እምቢ አለ። ገበያ ላይ ሴቶቹ «ድግሱ መቼ ነው?» ይሏቸዋል። እውነቱን ቢናገሩ ልጁ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ዝም ቢሉ የሰው ልጅ በውሸት ታጭታ መቅረቷ ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ፣ በሳምንቱ እሑድ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ሄዱ።

አቶ አበባውና ፍሬሕይወት ቤት ነበሩ። እትዬ ደብሪቱ ሳይቀመጡ ተናገሩ። «ሽማግሌዎቹን የላክሁት ስለ አማረ ነው። ልጄን እንደ በቅሎ ይጋልበዋል።»

አቶ አበባው ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ፍሬሕይወት ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ያን ኮት ለባሽ እንዴት እምቢ ልበለው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለች። ሳቋ ሲያልቅ ወንድሟን ጠርታ ለምን እንደሚጋልበው ጠየቀችው።

«ጨዋታ ነው» አለ አማረ።

«ሳሙኤል የሳቀው መቼ ነው?» አለች ፍሬሕይወት።

አማረ ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ። «እኔም አራተኛ ክፍል ሆኜ ትልልቆቹን አሻግሬያለሁ። ማንም ሽማግሌ አልላከልኝም» አለ።

አባትየው ይህን አልሰማም ነበር። «እኔ ደግሞ ያኔ ርሰህ ስትመጣ ዋና መስሎኝ ገርፌህ ነበር» አለ። እትዬ ደብሪቱ እዚያው ተቀመጡ።

«ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃሌ አይታጠፍም» አለ አቶ አበባው። «ጋብቻው ይቅር። ሳሙኤል ልጄ ነው ብያለሁ፣ ልጄ ነው። ከነገ ጀምሮ ሁለታችሁም በእግራችሁ ትሻገራላችሁ።»

«ጫማዬስ?» አለ አማረ።

«አውልቀው።»

ያን ሳምንት አቶ አበባውና እትዬ ደብሪቱ አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ መምህር ጠዋትና ማታ ወንዙ ላይ ይቆም ጀመር። ሁለቱ ልጆች ጓደኛ አልሆኑም። ሳሙኤል ግን አሥረኛን ጨረሰና ዛሬ ግራና ከተማ መምህር ነው። ፍሬሕይወት የወደደችውን አገባች፤ ንጉሴ ሠርጉ ላይ በዚያው ኮት ጨፈረ።

መርሳ ደረስን። ቅርጫቶቹን ሳወርድላቸው፣ ወልድያ ያለች ልጄ ሰሞኑን ትምህርት ቤት መሄድ እያስጠላት መሆኑን ነገርኳቸው። ቅርጫቶቹን ጭንቅላታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሳትገርፍ ጠይቃት። ከዚያ ትምህርት ቤት ራስህ ሂድ» አሉኝ። «ሽማግሌ መላክ ካማረህም፣ ያገቡትን ብቻ መርጠህ ላክ።»